እርጥብ ቅጠል አይሰጣቸውም

ባለፈው ቅዳሜ ወልድያ ገበያ ቲማቲም ልገዛ ወጥቼ ነበር። ከቲማቲሙ አጠገብ አንዲት ጥቅል ጎመን የምትሸጥ ሴት አረንጓዴውን የውጭ ቅጠል እየገነጠለች ከእግሯ ሥር ትጥላለች። የካሮቱንም ቅጠል እንዲሁ። ገዢ የሚፈልገው ነጩን ጎመንና ቀዩን ካሮት ነው። እኔ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ የወደቀውን መሰብሰብ ጀመርኩ። አንዱን ቅጠል በሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩት፤ ገልብጬ ጀርባውንም ጠረግኩት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለጥንቸል ነው?»

«አዎ፣ ለጥንቸል።»

«ውሰደው፣ ሁሉንም ውሰደው። እኔም ከመጥረግ እገላገላለሁ።»

ጥንቸል የለኝም። የምኖረው ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ቀን የምውለው የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው። ቅጠሉን በፌስታል ይዤ ባጃጅ መቆሚያው ጋ እስክደርስ ሄድኩና እዚያ ታስራ ለነበረች ፍየል ሰጠኋት። ቲማቲሙን ሳልገዛ መመለሴ ትዝ ያለኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ይህን ነገር ጽፌው አላውቅም። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው የቆመው፤ ጽሑፍ የማበዛ ሰው አይደለሁም። ከየት እንደሚጀመርም አላውቅበትም። ከመጨረሻው ደህና ቀን ብጀምር ይሻላል።

መርሳ ነበርን። ክረምቱ ገና አልወጣም። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ መሬቱ እየተነፈሰ ነበር። እኔና እህቴ ዘይነባ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የጎመን ቅጠል በአሮጌ ነጠላ እናደርቃለን። ዘይነባ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ትማራለች። እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዘጠነኛን ጨርሻለሁ። በመካከላችን ሌላ ልጅ ስለሌለ አምስት ዓመት ብትበልጠኝም በስሟ ነበር የምጠራት። እናታችን ይህን አትወደውም ነበር።

«እርጥብ ቅጠል አይሰጣቸውም» ትለኛለች ዘይነባ፣ እኔ ቶሎ ለመገላገል ሁለት ሁለቱን ደራርቤ ስጠርግ። «ሆዳቸው ይነፋል። ከተነፋ ደግሞ እንደ በሬ ወግቶ የሚያስተነፍስላቸው የለም። አንድ በአንድ አድርገው።»

«እዚህ አገር ክረምት ደረቅ ቅጠል ከየት ይመጣል?»

«ከእጅህ።»

ቅጠሉ ለእኛ አልነበረም። ዘይነባ ከዩኒቨርሲቲ ይዛቸው ለመጣች ሁለት ትናንሽ እንስሳት ነበር። ጦርነቱ ወደ እኛ አቅጣጫ ሲቃረብ ትምህርት ተቋረጠ። በሙከራ ክፍላቸው ውስጥ ያሉትን እንስሳት የሚመግብ ሰው ስለማይኖር መምህሯ ተማሪዎቹን ሰብስቦ «ቤቱ ቅጠል ያለው ይውሰድ» አላቸው። የእኛ ቤት ቅጠል ነበረው። አባታችን ከወንዙ ማዶ በመስኖ የሚለማ አትክልት ቦታ አላቸው፤ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ በቦዩ ዳርና ዳር ደግሞ ጎመንና ቃሪያ። ስለዚህ ዘይነባ እጇን አወጣች። ጎኑን በቢላ የበሳሳችውን ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ መርሳ ገባች።

መጠናቸው የጫማ ያህል ነው። ጭራ የላቸውም። ጆሯቸው ትንሽ፣ ተጨማድዶ እንደደረቀ ቅጠል ነው። አንዷ ጥቁር ናት፤ ሌላዋ ነጭና ቡናማ። ዘይነባ ለቤተሰቡ «የላብራቶሪ ጥንቸል» ብላ አስተዋወቀቻቸው። ስም አላወጣችላቸውም፤ የሙከራ እንስሳ ስም አይወጣለትም ትል ነበር። ብቻዋን ስትሆን ግን ስትጠራቸው ሰምቻለሁ።

ስለ ምግባቸው ከተነሳ አታቆምም። «እነዚህ በአንድ ነገር እንደ ሰው ናቸው» አለችኝ የመጡ ቀን። «ቫይታሚን ሲን ሰውነታቸው አይሠራውም። በግ ይሠራል፣ ውሻ ይሠራል፣ አህያም ይሠራል። ሰውና እነሱ ግን ካልበሉት የላቸውም።»

«ካልበሉስ?»

«ድዳቸው ይደማል። መገጣጠሚያቸው ያብጥና መራመድ ያቅታቸዋል። ከዚያ ይሞታሉ።»

ስለዚህ ሰርዶ ሣር ሁልጊዜ ከፊታቸው እንዲኖር ታደርጋለች፤ ጥርሳቸው ስለሚያድግ ማኘክ አለባቸው። ከሣሩ ላይ በየቀኑ ጥቂት ጎመን ወይም ቆስጣ፣ አንዳንዴ የካሮት ቅጠል። ካሮቱን ራሱን በጣም ትቆጥብባቸው ነበር፤ ስኳር ነው ትላለች። የድንች ቅጠል፣ የቲማቲም ቅጠልና ሽንኩርት ክልክል። ከሁሉ በላይ የምታከብረው ያንን የማያቃጥለውን ወፍራም ቃሪያ ነበር። ፍሬውን አውጥታ ለአራት ትቆርጠዋለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ በዚያ ቃሪያ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከብርቱካን እንደሚበልጥ ተናገረች። አባቴ ጉርሻቸውን መለሱት።

«ከየትኛው ብርቱካን?»

«ከማንኛውም ብርቱካን፣ አባ።»

«ከእኔም?»

«ከእርስዎም።»

«ይህን ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማሩሽ?» አሉና ወደ እናቴ ዞሩ። «ልጅቷን ወደዚያ የላክናት እኛው ነን እንግዲህ።»

ያን ቀን ብዙ ሳቅን። እንዲህ ያለውን ስጽፍ እጄ አይከብደኝም። ቀጥሎ ያለው ነው የሚከብደው።

እንስሳቱ መጀመሪያ የተቀመጡት እኔ ክፍል ውስጥ ነበር። የፌስታል ድምፅ ከሰሙ ያፏጫሉ፤ ፌስታል ማለት ቅጠል መሆኑን ለምደዋል። ጎህ ሲቀድ እማ ወጥ ቤት አንድ ፌስታል ካንኮሻኮሸች የእኔ እንቅልፍ አለቀ። በዚያ ላይ ዘይነባን ተቀይሜያት ነበር። ጓደኞቼ ቤት መጥተው ሳለ ከአንድ መጽሐፍ ጮክ ብዬ ሳነብ «ክናይፍ» አልኩ። ከጓዳ ሆና «ናይፍ ነው፣ ኬው አይነበብም» አለችኝ። ጓደኞቼ ለሳምንት «ክናይፍ» እያሉ ጠሩኝ። ትንሽ ነገር ናት፤ አውቃለሁ። ግን ይዣት ነበር።

አንድ ከሰዓት ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ ወንፊት ሊዋሱ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሰፈሩን በጨዋታ የያዙ ሴት ናቸው። ነጭና ቡናማዋን እንስሳ አቅፈው ይደባብሷት ጀመር።

«የእነዚህን ጥንቸሎች ጆሮ ምን በላው?» አሉኝ።

ዘይነባ ከኋላ ልብስ እያጠበች ነበር። ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ካነበብኩት ቆይቻለሁ።

«ጥንቸል አይደሉም» አልኩ። «ስማቸው እዚህ ተጽፏል። ጊኒ ፒግ ይባላሉ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጊኒ አገር ነው።» ቆም አልኩ። «ፒግ ደግሞ አሳማ።»

እትዬ ሐዋ እንስሳዋን እንደ ጋለ ድስት አስቀመጧት። ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን መታጠብ ጀመሩ። እየቆጠሩ ነበር፤ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር። ወንፊቱንም ሳይወስዱ ሄዱ። መግሪብ ሳይደርስ መንገዳችን ዳር ያለ ሰው ሁሉ እኛ ቤት አሳማ መግባቱን ሰምቷል።

ማታ እራት ሳይቀርብ አባቴ ዘይነባን አስቀመጧት።

«እነዚህ አሳማ ናቸው?»

«ስማቸው ብቻ ነው፣ አባ። ፈረንጅ ያወጣላቸው ስም ነው።»

«ወገናቸውስ?»

ዘይነባ መዋሸት አታውቅም ነበር። ለእናቴ ጥንቸል ስትላት እንኳ ጆሮዋ ቀልቷል። «ወገናቸው… ከአይጥ ነው» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እማ፣ «እሱ ብቻ ነበር የቀረን።»

«እማ፣ ስም ምንም አይደለም። ባሕር ዛፍ ባሕር ውስጥ ይበቅላል እንዴ? ባሕር አይቶ ያውቃል?»

አባቴ ሳቅ አሉ። «ልክ ነሽ። ለባሕር ዛፍ ግን እጁን ሰባት ጊዜ የሚታጠብ ጎረቤት የለም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ከሳቁ ወጥቷል። «አንተስ እንድሪስ፣ አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?»

«ሳላውቅ» አልኩ።

«ያነበበውን ነው የተናገረው» አለች ዘይነባ። «ልጅ ነው፣ አባ። አይቆጡት።»

አባቴ ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። ከአፍ የወጣ ነገር በሰው ፊት በክርክር እንደማይመለስ ተናገሩና ፈረዱ። እንስሳቱ ሰው እስኪረሳቸው ድረስ አትክልት ቦታው ያለችው የጠባቂ ጎጆ ውስጥ ይቆዩ። ዘይነባና እኔ በየተራ፣ አንድ ቀን እሷ አንድ ቀን እኔ፣ እየሄድን እንመግባቸው። «ያወራም ይመላለስ» አሉ። ከቤታችን እስከ ጎጆዋ ከተማውን አቋርጦ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በቦዩ ዳር ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ያስኬዳል። ክፍሌ ባዶ ሆነች። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ወደዚያ ደህና ቀን ልመለስ። ተራው የዘይነባ ነበር፤ ግን እኔም አብሬያት ሄድኩ። አባታችን በዋዜማው ከአትክልቱ ያመጡትን ቅጠል በረንዳው ላይ ስናደርቅ ከወደ ወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሩቅ ነው፣ በር በኃይል እንደሚዘጋ ዓይነት። ሰው ለምዶታል። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ግን መልመድ አይቻልም ነበር። ፍራሽ የጫነ ባጃጅ፣ ድስትና ዶሮ የጫነች አህያ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ ሁሉም ወደ ውርጌሳና ወደ ደሴ አቅጣጫ ይሄዳል። አንዳንዱ ሰላምታ ይሰጠናል፤ አንዳንዱ እኛ ቅጠል ይዘን በተቃራኒው ስንሄድ ገርሞት ያየናል።

«እኛስ እንሄዳለን?» አልኳት።

«ብርቱካን ተሸክሞ አይሸሽም ብለዋል አባ። እማ ደግሞ አባን ትታ አትሄድም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ካርቶን አለኝ» አለች።

«አሳማ ይዘሽ ደሴ ልትገቢ ነው?»

በጎመን ቅጠል ጀርባዬን መታችኝ። «አንተ ያልካቸውን እንግዲህ አንተ አስተባብል።» ተናዳ አልነበረም። ያስቃታል።

ጎጆዋ ውስጥ ተንበርክካ እያንዳንዷን አንስታ ጥርሷን አየች፤ እግሯን ጎተት አድርጋ መገጣጠሚያዋን ዳሰሰች። «ደህና ናቸው» አለችኝ። ስንመለስ የአንድ ዘመዳችን ማሳ ደርሶ ስለነበር የበቆሎ እሸት ሰጡን። ቦዩ ዳር እሳት አንድደን ጠበስነው። አምስት በላሁ፤ እሷ ሁለት። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። እንዴት ልበለው፣ ከዚያ ቀን ሌላ የማስታውሰው የተለየ ነገር የለም። ማታ ዝናብ መጣ። ተኛን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ድምፁ ቀርቦ ነበር። አሁን በር የሚዘጋ አይመስልም፤ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ዘይነባ ሱብሂ ሰግዳ ወደ ክፍሌ መጣች።

«እንድሪስ፣ ተራህ ነው።»

ነቅቼ ነበር። ከእሷ በፊት ነቅቼ ድምፁን እየቆጠርኩ ነበር። ጋቢውን ከራሴ አላወረድኩም።

«ሆዴን አሞኛል።»

መጥታ ግንባሬን በእጇ መዳፍ ነካችው።

«ሆዱን ያመመው ሰው ግንባሩ ይነካል እንዴ?» አልኳት።

«አምስት እሸት የበላ ሰው ሁሉም ቦታ ይነካል።» አምናኝ ይሁን ሳታምነኝ አላውቅም። «ተኛ በቃ። እኔ እሄዳለሁ። ነገ ግን የጠዋቱም የማታውም ያንተ ነው።»

ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ የውጭው በር። ያን ጊዜ የተሰማኝን መጻፍ አለብኝ፤ ደስ አለኝ። ጋቢው ይሞቃል፣ የሚሄደው እኔ አይደለሁም። መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ ፍንዳታ ነበር። ከጣሪያው አቧራ ፊቴ ላይ ረገፈ። ሁለተኛው ወዲያው ተከተለ፤ ከወንዙ በኩል። እማ በግቢው ውስጥ «ዘይነባ! ዘይነባ የት አለች?» እያለች ትዞራለች። ወደ ክፍሌ ራሷን አስገባች።

«እህትህ የት ሄደች?»

«አላውቅም» አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ብናገር «ለምን እሷ?» የሚለው ጥያቄ ስለሚከተል ይመስለኛል። እማ ወደ እትዬ ሐዋ ቤት ሮጠች። አባቴ ወደ መስጊዱ በኩል ሄዱ። እኔ በረንዳው ላይ ቆሜ ጫማዬን እፈታለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። ተመልሰው ሲመጡ ነው «ምናልባት አትክልቱ ጋ» ያልኩት። አባቴ ወዲያው ወጡ። ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከየት እንደተተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያውቅ ሰውም አልገጠመኝም። ሁለቱም የወደቁት ከቦዩ አጠገብ፣ ከጎጆዋ ወደ ቤት በሚያመጣው መንገድ ላይ ነው። መግባቸው እየተመለሰች ነበር። ፌስታሉ ባዶ ነበር፤ አጣጥፋ ይዛዋለች። አራት ሰዎች በአልጋ ተሸክመው አመጧት። ነጠላ ለብሳለች፤ የእኛ ያልሆነ፣ የማላውቀው ነጠላ። አንድ መንገደኛ ከራሱ አውልቆ ያለበሳት ነው ብለው ነገሩን።

እጃቸውን ሰባት ጊዜ የታጠቡት እትዬ ሐዋ ነበሩ ገላዋን ያጠቧት። ከአስር ሰላት በፊት ቀበርናት። ጀናዛውን የሰገደው ሰው ትንሽ ነበር፤ ግማሹ ሰፈር ሄዷል፣ የቀረውም በየድምፁ ቀና እያለ ሰማይ ያያል። አፈር ሳለብስ እጄ ሥራውን ይሠራል፤ እኔ እዚያ ያለሁ አይመስለኝም።

ቤት ውስጥ ሴቶቹ እማን ከበው ተቀምጠዋል። እማ አታለቅስም። አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች።

«በዚህ ጠዋት ማን ላካት?»

«አብሽሪ፣ የአላህ ቀደር ነው» ይሏታል።

«እሱን አውቃለሁ። ማን ላካት ነው የምለው።»

አንዲት ከመንገድ ማዶ የመጡ አሮጊት «ለዚያ አውሬ ብላ እንጂ» አሉ፣ ቀስ ብለው። እትዬ ሐዋ ክንዳቸውን ያዟቸው። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝና አንዷ «ና የኔ ሆድ፣ ተቀመጥ፣ አንተም ጠወለግክ» አለችኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። እማ እንደገና ጠየቀች። ጀንበር እስክትጠልቅ ድረስ ስንት ጊዜ እንደጠየቀች አላውቅም፤ እኔም በእያንዳንዱ ጊዜ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ አጠገብ ቆሜ ሱብሂ ሰገድኩ። ድምፁ ቆሟል። ጸጥታው ከድምፁ ይልቅ ያስፈራ ነበር፤ ውሻ እንኳ አይጮኽም። ሰው ሳይነቃነቅ አንድ ፌስታል ይዤ ወጣሁ።

በቦዩ ዳር ሳልፍ ወደ ግራ፣ ወደ ተመታው ቦታ፣ አላየሁም። ጎጆዋ ደህና ነበረች። ፌስታሉን ሳንኮሻኩሽ ከውስጥ ማፏጨት ጀመሩ፤ ልክ ለእሷ እንደሚያፏጩት። ማን እንደመጣ ለእነሱ ልዩነት የለውም። ከፊታቸው ከትናንቱ የተረፈ የጎመን አንጓና ያልተበላ ሩብ ቃሪያ አለ። ፍሬው በጥንቃቄ ወጥቶለታል።

ጎመን ቆረጥኩ። ጤዛ ነበረበት፤ ውኃው በክንዴ ይወርዳል። ሸሚዜን አውልቄ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ማድረቅ ጀመርኩ። አንድ ቅጠል፣ ፊቱን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ አንጓው ሥር ያለችውን ጎድጓዳ። ሌላ ቅጠል። ሸሚዙ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ። እነሱ ይጮኻሉ፤ እኔ አልቸኮልኩም። እዚያው ተቀምጬ ሲበሉ አየኋቸው። ከዚያ ሁለቱንም ካርቶናቸው ውስጥ ከትቼ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በኋላ መንገድ መሄድ እችል ነበር። በዋናው አስፋልት ሄድኩ። ያለ ሸሚዝ፣ ካርቶኑን በደረቴ ይዤ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው እያዩኝ። በራችን ላይ አባቴ ነበሩ፤ ካርቶኑን አይተው ገለል አሉልኝ። ሴቶቹ ዛሬም እማን ከበዋል። ገብቼ ካርቶኑን መሬት ላይ፣ በመካከላቸው አስቀመጥኩት። አንዷም ቀሚሷን ሰብስባ አልሸሸችም።

«እማ» አልኩ፣ «ትናንት ተራው የእኔ ነበር። ሆዴን አላመመኝም ነበር። ፈርቼ ነው።»

ከዚያ የሆነውን በዝግታ ነው የማስታውሰው። እማ አላየችኝም። ካርቶኑን ነው ያየችው። እጇን ዘርግታ ክዳኑን ከፈተች። ቡናማና ነጯ አፍንጫዋን አወጣች።

«በልተዋል?» አለችኝ።

«በልተዋል።»

«አስገባቸው» አለች። «ክፍልህ አስገባቸው።»

ይቅር ማለቷ ይሁን፣ አልሰማችኝ ይሁን አላወቅኩም። ያን ጥያቄዋን ግን ከዚያ ወዲህ ደግማ አልጠየቀችም። ደሴም አልሄድንም። መንገድ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዱቄት እንደ ወርቅ በታየበት በዚያ ሁሉ ወር እንስሳቱን የመገበቻቸው እማ ናት። ሰርዶ ከአጥር ሥር እየነቀለች፣ ጎመኑን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። እትዬ ሐዋ ከጓሯቸው ቆስጣ ያመጡላት ነበር። አሳማ ያለ ሰው አልሰማሁም። ጥቁሯ በሁለተኛው ዓመት ሞተች፤ ሌላዋ ከዚያ በኋላም ብዙ ቆየች።

ሰው ያን ጠዋት ባደረግኩት ያመሰግነኛል። ዘመዶቻችን «በዚያ ዕድሜው እውነቱን በሰው ፊት ተናገረ» ይሉኛል። ስሰማው አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትና ይመስላቸዋል። ካርቶኑን አስቀምጬ ስወጣ አባቴ አሁንም በሩ ላይ ነበሩ። ትከሻዬን ያዙ። ረዘም አድርገው አዩኝ፤ ያኔ ማታ እራት ሳይቀርብ እንዳዩኝ አድርገው። እንደገና ይጠይቁኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። አልጠየቁኝም። «ልብስ ልበስ፣ ይበርድሃል» አሉኝ፤ ሄጄ ለበስኩ።

ፒግ አሳማ መሆኑን ለእትዬ ሐዋ ከመናገሬ በፊት ቆም ያልኩት ቃሉ ጠፍቶብኝ አይደለም። ከተናገርኩ እንስሳቱ ከክፍሌ እንደሚወጡ፣ ዘይነባም እንደምታፍር አስቤ፣ አመዛዝኜ ነው የተናገርኩት። ተራውን አመንኩ እንጂ ይህን አላመንኩም። እሷ ልጅ ነው ብላ እንደተከራከረችልኝ ሄደች። እናቴ ማንበብ አትችልም። አባቴ ይችላሉ። የጠየቁኝ ከዓመታት በፊት ነው፤ መልሱ ግን አውቄ ነው፣ አባ።